ጋሽ ስንሻውና ሠላሳ አንዱ መላ

ደጀን ከተማ ውስጥ፣ አንድ ሰው ሁለት ሦስት ነገር ፊቱ ደርድሮ "ይሄ ይሻላል፣ የለም ያ ይሻላል" እያለ ሲያመነታ ያየ ሁሉ ጣል የሚያደርጋት አንዲት አነጋገር አለች። እኔ መጀመሪያ የሰማኋት ለራሴ ስትነገር ነው። ለማስተማር ተመድቤ በሄድኩ ሰሞን ሦስት የኪራይ ቤቶች አይቼ፣ የቱን እንደምይዝ ሳወጣ ሳወርድ ሁለት ሳምንት አለፈኝ። ያረፍኩበት ሆቴል ባለቤት ፈገግ ብላ አነጋገሯን ወረወረችብኝና፣ ግራ መጋባቴን ስታይ፣ "ይቺ እኮ ታሪክ አላት" አለችኝ። "ሰውየውም ገና በሕይወት አሉ። ሄደህ ጠይቃቸው፤ አይቆጡም።"

ሄጄ ጠየቅኋቸው። አልተቆጡም።

ጋሽ ስንሻው ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ ሰው ናቸው። ሬዲዮ ሲመጣላቸው ዘለው ብሎን አይፈቱም። መጀመሪያ ባለቤቱን ይጠይቃሉ፦ መቼ ነው ዝም ያለው? ዝም ከማለቱ በፊት ይንጫጫ ነበር? ወድቆ ያውቃል? ዝናብ ነክቶታል? ያን ጊዜ ይህን ሁሉ ሲጠይቁ ሲጋራቸው በጣታቸው መሐል ይጨስ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት አጭሰዋል፤ በቀን አንድ ፓኮ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የጥር ወር ጠዋት ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ባንቺአየሁ፣ ሱቁ ድረስ መምጣት የማታዘወትር ሴት፣ ነጠላዋን ሳታስተካክል መጥታ የደንበኛ መቀመጫ ላይ ቁጭ አለች።

"ማስተዋል ደውላ ነበር" አለች። ማስተዋል አዲስ አበባ ያገባች አንዲት ልጃቸው ናት።

"ደኅና ናት?"

"ደኅና ናት። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ትወልጃለሽ ብለዋታል። እዚህ እኔ ጋ መታረስ ነው የምትፈልገው። ግን ታውቃለህ፣ አስሟ አለ። ሐኪሙ ጭስ ያለበት ቤት እንዳትገቢ፣ ለሕፃኑም ጥሩ አይደለም ብሏታል። አባዬ ሲጋራውን ከተወ እመጣለሁ፤ ካልተወ ፍኖተ ሰላም የምንይችል እናት ጋ እሄዳለሁ አለችኝ።" ምንይችል ባሏ ነው።

ጋሽ ስንሻው የያዙትን ሲጋራ መተርኮሻው ላይ አጠፉት። "እተዋለሁ" አሉ።

"መቼ?"

"ሦስት ወር አለ አይደል? መጀመሪያ እንዴት እንደሚተው ልወቅ።"

ለማታለል አልነበረም። ያንኑ ቀን ባለ ሠላሳ ሁለት ቅጠል ደብተር ገዙ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደው ሲስተር እናኑ የምትባለዋን ነርስ አገኙ። ሲስተር እናኑ አስቀምጣ በደንብ ነገረቻቸው። አንድ ቀን ይቁረጡ፣ በጣም አይቅረብ፣ በጣምም አይራቅ። ለቤተሰብ ይናገሩ። ሲጋራውንም መተርኮሻውንም ከቤትና ከሱቅ ያውጡ። አምሮቱ ሲመጣ ተነሥተው ይራመዱ፣ ውሃ ይጠጡ፤ ጥቂት ደቂቃ ቢታገሱት ያልፋል። ቢሸነፉም ተመልሰው ይምጡ።

ጋሽ ስንሻው ይህን በደብተራቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ "አንደኛ" ብለው ጻፉት። ከዚያ ቀና ብለው፣ "ሌላስ መንገድ አለ?" አሏት።

"አለ፤ ብዙ ነው። እርስዎ ግን ከዚህ ይጀምሩ። ይህ ካልሆነ ሌላ አብረን እንሞክራለን።"

"ሌሎቹን ሳልሰማ ይሄ እንደሚሻል በምን አውቃለሁ?"

ሲስተር እናኑ በር ላይ ተረኛ እየጠበቃት ስለነበር ሸኘቻቸው።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ስንሻው ከተማዋን ዞሯት። ሲጋራ ትቷል የተባለ ሰው ሁሉ ዘንድ ደብተራቸውን ይዘው ይሄዳሉ። አንዱ የጭነት መኪና ሾፌር በማስቲካ ነው የተውኩት አላቸው። ጻፉ፤ ከጎኑም "ጥርሴ ሰው ሠራሽ ስለሆነ ያስቸግራል" ብለው አስታወሱ። አንድ ጡረተኛ ፖሊስ ተስሎ ጠበል ገብቶ እንደተወ ነገራቸው። አንዱ ክንድ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር አለ፣ አዲስ አበባ ይገኛል አላቸው። ጠጅ ቤት ያላት ወይዘሮ፣ "እኔ የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ሽታው አስጠላኝና በዚያው ቀረ፤ እርስዎ እንግዲህ ይህ አይሆንልዎትም" ብላ ሳቀች። እሱንም ጻፉት።

አያ ጓዴ የሚባሉ የሰፈሩ ሽማግሌ በወጣትነታቸው በጋያ ትምባሆ ይስቡ እንደነበር ሰምተው ቤታቸው ድረስ ሄዱ።

"እንዴት ተዉት፣ አያ ጓዴ?"

"ተውኩት።"

"እኮ እንዴት?"

"አንድ ቀን አላጨስኩም። በማግስቱም አላጨስኩም።"

"እኔ የምጠይቅዎ መላውን ነው።"

"እኔስ ምኑን ነገርኩህ?"

ጋሽ ስንሻው ደብተሩ ላይ፣ "አሥራ ሰባተኛ፦ አያ ጓዴ። ግልጽ አይደለም" ብለው ጻፉ። ገጹን እኔም አይቼዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሱቃቸው ተቀምጠው መላዎቹን እርስ በርስ ያስተያያሉ። የአንዱን ጥቅም፣ የሌላውን ጉድለት፣ ለማን እንደሠራና ለማን እንዳልሠራ ያሰላስላሉ። ሰው ሲያስብ ያጨሳል፤ ጋሽ ስንሻው ደግሞ በዕድሜያቸው ያን ያህል አስበው አያውቁም። የካቲት ሳያልቅ አንዱ ፓኮ አንድ ተኩል ሆነ። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ይህን ታያለች፤ ግን ባሏ ዝናብ ሳይል ፀሐይ ሳይል ሲዞር ስለምታይ፣ ልጇ በደወለች ቁጥር "እየሞከረ ነው" ትላታለች።

ከሁሉም የበለጠ የሳባቸው ግን የመምህር አንለይ መላ ነው። መምህር አንለይ በየቀኑ እየቀነሰ፣ የሽንብራ ቆሎ በኪሱ እየያዘ ትቶ አራት ዓመት የሞላው ጎልማሳ ነበር። ጋሽ ስንሻው ሱቃቸው ጠርተው ሦስት ቀን ሙሉ ጠየቁት። የመጀመሪያው ቀን ምን ተሰማህ? ከምሳ በኋላስ እንዴት ቻልከው? ባዶ ጣትህን ምን ታደርገው ነበር? ጣዕሙ ምላስህ ላይ ስንት ቀን ቆየ?

መምህሩ ሰው አክባሪ ስለሆነ ሁሉንም መለሰ። ለመመለስ ደግሞ ማስታወስ ነበረበት። በሦስተኛው ቀን መሐል ላይ የጋሽ ስንሻውን ሲጋራ ትክ ብሎ ያየው ጀመር።

"እስቲ አንድ ጊዜ ብቻ ያቀብሉኝ፣ ጋሽ ስንሻው።"

ሰጡት።

እዚህ ላይ ጋሽ ስንሻው ወሬያቸውን አቋርጠው የያዙትን ብሎን መፍቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "ለምን እንደሰጠሁት ታውቃለህ?" አሉኝ። "አራት ዓመት ቆይቶ ሲቀምሰው ምን እንደሚል ለማወቅ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። አሁንም ሳስበው አፍራለሁ።"

ሳምንት ሳይሞላው መምህር አንለይ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቆሞ ሲያጨስ ታየ። ጋሽ ስንሻው ያን ሰሞን ከመምህሩ መላ ጎን፣ "እንከን አለው፤ ይመለሳል" ብለው ጽፈው ሰርዘውታል።

መጋቢት ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማስተዋል ከባሏ ጋር በአውቶቡስ መጣች። የአባይን በረሃ ተሻግሮ የመጣው አውቶቡስ ለምሳ ደጀን ይቆማል። ሱቁ ከመናኸሪያው ጀርባ በመሆኑ፣ ምንይችል ሻንጣ እስኪያወርድ ብላ በቀጥታ አባቷ ዘንድ ሄደች። ጋሽ ስንሻው ደብተሩን ዘርግተው ነበር። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሲጋራ ይጨሳል።

ዘለው ተነሥተው አቀፏት። ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ። ከዚያ ሳል ያዛትና ወደ ኋላ እየሄደች በሩ ላይ ወጥታ ቆመች። ትንፋሿ እስኪመለስ ሆዷን ደግፋ ጠበቀች።

"እናዬ እየሞከረ ነው ብላኝ ነበር" አለች።

"እየሞከርኩ ነው እንጂ" አሉና ደብተሩን አምጥተው ሰጧት።

በሩ ላይ እንደቆመች ገጽ በገጽ ገለጠችው። ጋሽ ስንሻው እንደነገሩኝ፣ ያን ጊዜ የተሰማቸው ኩራት ነው። ፈተናው እንደሚታረምለት ተማሪ ፊት ፊቷን ያዩ ነበር።

"ይሄን ሁሉ ሰው ጠየቅህ?"

"ሁሉንም።"

"ለእኔ ብለህ?"

"ለሌላ ለማን ብዬ፣ ልጄ?"

ዓይኗ እንባ አቀረረ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ ሠላሳ አንደኛው ላይ ቆመች።

"የቱን ጀመርክ?"

"አሁን ሁለቱ ናቸው የቀሩኝ" አሉ። "በዚህ ሳምንት እወስናለሁ።"

ማስተዋል ደብተሩን ዘጋችው። አንዴ ትንፋሿን ይዛ ገባችና አባቷን ትከሻቸው ላይ ሳመቻቸው። "አትቀየመኝ፣ አባዬ" አለቻቸው። ከዚያ ወደ አውቶቡሱ ተመልሳ፣ ከጣሪያ ላይ ሻንጣ ሊቀበል እጁን የዘረጋውን ባሏን፣

"አታውርደው" አለችው።

ወይዘሮ ባንቺአየሁ ሰምታ እየሮጠች ስትደርስ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። እናትና ልጅ በመስኮት እጅ ለእጅ ተያይዘው ጥቂት ተነጋገሩ። እናት በነጋታው ልብሷን በፌስታል ይዛ ወደ ፍኖተ ሰላም ተከተለቻት። ጋሽ ስንሻውን አልወቀሰችም፤ ምሳ የት እንደሚበሉ ብቻ ነግራቸው ሄደች።

ማስተዋል በሰላም ሴት ልጅ ተገላገለች። ጋሽ ስንሻው እልልታውን የሰሙት በስልክ ነው። ጎረቤት ሴቶች በእሳቸው ቤት ተሰብስበው ገንፎ ሊበሉ፣ አራስ ሊጠይቁ ሲጠብቁ ከርመው ነበር፤ አሁን መንገድ ላይ ሲያገኟቸው "እንኳን ማርያም ማረችልዎ" ይሏቸውና ያልፋሉ። አንድ ማታ ቤት ገብተው ለልጃቸው ተብሎ የተነጠፈውን አልጋ እያዩ ተቀመጡ።

በማግስቱ ጠዋት ደብተሩን ይዘው ሲስተር እናኑ ዘንድ ሄዱ።

"ከሠላሳ አንዱ የቱ ይሻላል? አንቺ ምረጪልኝ።"

ሲስተር እናኑ ደብተሩን አልተቀበለችም። "አሁን ኪስዎ ውስጥ ሲጋራ አለ?"

"አለ።"

"ይስጡኝ።"

ሰጧት። ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። "በቃ፣ ጀምረዋል" አለች።

"የቱን ነው የጀመርኩት?"

"ሲጨርሱ ስም እናወጣለታለን። አሁን ሱቅ ሄደው መተርኮሻውን ያውጡ።"

መተርኮሻውን አወጡ። ከዚያ ማንም ሳይልካቸው መምህር አንለይ ቤት ሄዱ። በሩን የከፈተችው የመምህሩ ሚስት ናት። በሩ መሐል ቆማ፣ "ጋሽ ስንሻው፣ የቀረ ጥያቄ አለዎት?" አለቻቸው።

"የለኝም፣ ልጄ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ካልከበደውም አብሮኝ ይጀምር።"

በዚያን ቀን አላስገባቻቸውም። በማግስቱ ግን መምህሩ ራሱ ሱቅ መጣ። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ አምሮቱ ሲመጣ ሁለቱ ሱቁን ዘግተው የአባይ ሸለቆ እስከሚታይበት ገደል አፍ ድረስ ይሄዳሉ፤ ያን በረሃ ቁልቁል እያዩ ቆመው ይመለሳሉ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጋሽ ስንሻው ለቅሶ ቤት አንድ አጨሱ። ሲነጋ ሲስተር እናኑ ዘንድ ሄደው ተናዘዙ፤ እሷም "እንግዲህ እንደገና ነዋ" አለቻቸው። እንደገና ጀመሩ። ያ የመጨረሻው ሆነ።

በሰማንያ ቀኗ ሕፃኗ ክርስትና ስትነሣ ጋሽ ስንሻው ፍኖተ ሰላም ሄዱ። ማስተዋል ልጅቷን ከመስጠቷ በፊት ጠጋ ብላ የአባቷን ኮት አሸተተች። አልደበቀችም፤ እሳቸውም አልተቀየሙም። ከዚያ ልጅቷን ክንዳቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

ድግሱ ላይ፣ ሲጋራ የሚያጨስ አንድ የምንይችል አጎት የደብተሩን ወሬ ሰምቶ ኖሮ ወንበሩን ስቦ ቀረባቸው። "እንደው ለእኔም ይጠቅመኛልና፣ ከሠላሳ አንዱ የትኛው ነው የሠራልዎ?"

"አንደኛው" አሉ ጋሽ ስንሻው። "የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጻፍኩት።"

"ታዲያ ሠላሳው ምን ሠራ?"

ጋሽ ስንሻው የተኛችውን ሕፃን አዩ። "ይቺ ልጅ ቤቴ እንዳትወለድ አደረገ" አሉ።

ከደጀን አብረው መጥተው ከጎናቸው የተቀመጡት አያ ጓዴ የጠላ ጣሳቸውን አስቀመጡና፣ ጠያቂውን እያዩ እንዲህ አሉ፦ "መንገድ የሚያማርጥ መንገደኛ፣ ከገዛ ደጁ ሳይርቅ ተኛ።"