ቡሬና እሜት ዋልካ

ዋልካ ማለት ጥቁር አፈር ነው። ሲረጥብ ይይዛል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በሁለቱ መካከል ለጥቂት ቀን ጨዋ ነው። ይህን ያልሰማ አንድ በሬ ነበር። ተረት ተረት ብያለሁ፤ «የመሠረት» ያለ ይቅረብ፣ ያላለም እዚያው ሆኖ ይስማ።

በሬው ቡሬ ይባላል። ከደጋው ቀይ አፈር ከጌታው ከቢራራ ጋር ወደ ወንዝ ዳር ሜዳ ወረደ። ቢራራ የመጣው የሚስቱን የሽታዬን ማሳ ሊያርስ ነው። ማሳው ዋልካ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ሞልቶ ይተኛበታል። ዳለቻ የሚባል የአገሬው ሽማግሌ በሬ ከቡሬ ጋር ተጠመደ።

«ስማ ቡሬ» አለ ቢራራ፣ «ጎረቤቶቼ ለገና ቅርጫ የሚሆን በሬ ይፈልጋሉ። እስከዚያ ማሳው ካልለመለመ አንተን እሰጣቸዋለሁ።»

«ጉልበቴን ታያለህ» አለ ቡሬ።

በግንቦት ገቡ። ዳለቻ ቀንበሩን እንደተሸከመ ተኛ። ቡሬ ብቻውን ሳበ፤ የማረሻው ጫፍ ታጠፈ፣ እግሩም ስንጥቅ ውስጥ ገባ።

«እሜት ዋልካ፣ እግሬን ልቀቂኝ።»

«እኔ መች ያዝኩህ? እያዛጋሁ ሳለ አንተው ገባህ እንጂ።»

በሐምሌ ገቡ። ዳለቻ ከዳር ቆሞ ቀረ። ቡሬ ግን ከቀንበሩ አፈትልኮ ገባ፤ እስከ ሆዱም ሰመጠ።

«እሜት ዋልካ፣ አሁንም ያዝሽኝ።»

«አሁንስ አዎ። ወድጄህ ነው።»

«ታዲያ መቼ ልምጣ?»

«ውሃዬ መውጫ ያግኝ። ከዚያ እግርህን አንሣ። ተከትዬህ ከመጣሁ አልደረስኩም። ተሰነጣጥቄ ከጠበቅኩህ አርፍደሃል። ከሰኮናህ ላይ ከረገፍኩ ግን ና፣ ጉልቤው።»

ጎረቤቶች በገመድ ጎትተው አወጡት። አንዱ ጎኑን ዳበሰና «ሥጋ ይዟል» አለ። ቡሬ ይህን አልረሳውም።

ክረምቱ ወጣ። ሽታዬ «ውሃው መውጫ ከሌለው እህልም የለንም» ብላ ባሏን ቦይ አስቀደደችው። ቢራራ ቦዩን እንደጨረሰ ቀንበር ይዞ መጣ። ቡሬ እግሩን አነሣ፤ ጭቃው እንደ ጫማ ተከተለው። ዳለቻ አጠገብ ሄዶ ተኛ።

«አንተም?» አለ ቢራራ።

በማግስቱም ተኛ። «ቢላዋዬን ልሳል?» አለ ቢራራ። ቡሬ ጎኑ ላይ ያረፈው እጅ ትዝ አለው፤ ግን አልተነሣም።

«እየተማርክ ነው» አለው ዳለቻ። ከተጠመዱ ጀምሮ ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

አንድ ጠዋት አፈሩ ከቡሬ ሰኮና ላይ ረገፈ። ሳይጠሩት ተነሣ፤ ዳለቻም ተነሣ። ማረሻው ያለ ጅራፍ ሄደ። ሽምብራ ተዘራ፤ ዝናብ ባይጥልም በቀለ።

«ውሃውን ከየት አመጣሽው?» አለ ቡሬ።

«ክረምቱን ሙሉ ይዤ የከረምኩት ምን መስሎህ ነው?» አለች ዋልካ።

ዋልካን ቀን ያርሳታል፤ ጉልበት ተከትሎ ይሄዳል።

ለገና ማሳው ለምልሞ ነበር። ለቅርጫ የታረደው ከሌላ ቤት የመጣ በሬ ነው። ብርቱ ነበር አሉ፤ ሥጋው ትንሽ ጠንክሯል።