የመጀመሪያው «ወጣ» ላይ ያላቆመው ጅብ

አንድ ጊዜ የአንበሳ ደቦል ወንዝ ዳር ጉሮሮው ተዘንጥሎ ሞቶ ተገኘ። ለአባትየው መርዶውን ያረዳችው አህያ ናት። ከሰዓት በኋላ ውኃ ልትጠጣ ገብታ ሬሳውን ብታይ፣ ጥሟን ረስታ እየሮጠች ሄደች።

በወንዙ በር ላይ ሰርቨር የሚባል መዝጋቢ መሣሪያ ነበር። የሚያልፈውን ሁሉ «እገሌ ገባ፣ እገሌ ወጣ» እያለ በተራ ይመዘግባል። አንበሳ በሩ ከተዘጋ በኋላ በረኛውን ጅብን ጠራና፦

«ከሰርቨሩ ውስጥ የልጄን ገዳይ አውጣልኝ። ስሙ የወጣ ሁሉ ይሞታል፤ ሥጋው ያንተ ነው» አለው።

ጅብ አስተዛዘዙን ስለማያውቅ ቀበሮን ጠየቀ።

«ቀላል እኮ ነው፣ አያ ጅቦ» አለ ቀበሮ። «‹ደቦል ገባ› ከሚለው ጀምረህ ‹ወጣ› እስከሚለው ቆርጠህ አውጣ በለው።»

«‹ወጣ› የሚለውማ ብዙ ነው። የመጀመሪያው ላይ ላስቁመው ወይስ የመጨረሻው ላይ?»

«ሥጋ የሚበዛልህ የቱ ጋ ነው?»

«የመጨረሻው!» አለ ጅብ፤ እንዳለውም አዘዘ። ቀበሮ ያኔውኑ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ።

ሰርቨሩ ምን ያድርግ? ደቦሉ ከገባበት ከጠዋት እስከ በር መዝጊያ ያለውን ሁሉ ግልብጥ አድርጎ አወጣው። ድኩላ አለበት፣ ከርከሮ አለበት፣ ጦጣ ከነልጇ አለችበት። ምስጋና ስትጠብቅ የነበረችው አህያ ጅብ ስሟን ሲያነብ አንበሳ እግር ላይ ወደቀች።

«ጃንሆይ፣ እኔ እኮ ነኝ የነገርኩዎት! ስገባ ልጅዎ ሞቶ ነበር። ስለ ፈጣሪ ብለው የመጀመሪያው ‹ወጣ› ላይ ያስቁሙት፤ ገድሎ የወጣውን ያገኙታል።»

«ዝም በይ፣ አንቺ ጆሮ ብቻ!» አለ ጅብ ለሃጩ እየተዝረበረበ። «ሰርቨር ይዋሻል?»

አንበሳን ሐዘን አሳውሮታል። «አይዋሽም። ጨርስ» አለው።

ጅብ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ማንበቡን አቋረጠ።

«አንብብ እንጂ!» አለ አንበሳ።

«‹ጅብ ወጣ› ይላል... ጃንሆይ፣ እኔማ በር ልዘጋ ነው የቆየሁት!»

«እኔስ ውኃ ልጠጣ አልነበር የገባሁት?» አለች አህያ።

አንበሳ ዘሎ ተነሣባቸው። አህያ «አምላኬ፣ ነፍሴን ተቀበላት» እያለች አንገቷን ሰበረው፤ ጅብንም አስከተለው፤ የቀሩትንም አንድ በአንድ።

ቁጣው ሲበርድለት የአህያ ቃል ትዝ አለውና ሰርቨሩን የመጀመሪያው «ወጣ» ላይ አስቆመው። ከደቦሉ ሌላ አንድ ስም ብቻ ወጣ፤ ቀበሮ። አንበሳ «ተከተሉት! ያዙልኝ!» ብሎ ጮኸ፤ «አቤት» የሚል ግን አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው ጥፋተኛን ሲፈልግ የት ላይ ማቆም እንዳለበት የማያውቅ ሰው፣ ንጹሑን ፈጅቶ ጥፋተኛውን እንደሚያስመልጥ ነው።