የአቶ ሞላልኝ ሱፍ

ከደመወዟ በየወሩ የሚቆረጠው የጡረታ መዋጮ የት ነው የሚያድረው? በአቶ ሞላልኝ የፍል ውሃ መታጠቢያ ቤት የደንበኞችን ልብስ እየተቀበለች ሣጥን ውስጥ ስትቆልፍ የኖረችው ሴት ይህን ጥያቄ ለዓመታት በሆዷ ይዛው ነበር። ጡረታ መውጫዋ ሲቃረብ የጡረታ ቢሮ ድረስ ሄዳ ብታስፈትሽ፣ የእሷም ሆነ አሠሪዋ መጨመር የነበረባቸው ድርሻ፣ ሰባራ ሳንቲም አልገባም አሏት።

በማግስቱ አቶ ሞላልኝ ሊታጠቡ መጡ። ሱፋቸውን እየተቀበለች ጉዳዩን አነሳችባቸው።

«ገንዘብሽ በደህና እጅ ነው» አሉ እየሳቁ። «እኔ ዘንድ ተቀምጧል። ምን አስቸኮለሽ? ስታረጂ ትወስጂዋለሽ።»

«እሺ ጋሼ» ብላ ሱፉን ቆለፈችበት።

ታጥበው ሲወጡ ወገባቸው ላይ ካገለደሟት ፎጣ በቀር ምንም አልነበራቸውም። «ቶሎ በይ፣ ልብሴን አምጪ። ትልልቅ እንግዶች ውጭ እየጠበቁኝ ነው።»

«ልብስዎ በደህና እጅ ነው፣ ጋሼ» አለች ወንበሯ ላይ እየተመቻቸች። «እኔ ዘንድ ተቀምጧል። ምን አስቸኮለዎት? ሲያረጁ ይወስዱታል።»

ተራ የሚጠብቁት ደንበኞች ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

«ታዲያ በፎጣ ልሂድልሽ?» አሉ አቶ ሞላልኝ።

«እኔንስ ያለ ፎጣ ሊሸኙኝ አልነበር?»

አቶ ሞላልኝ ስልክ ተውሰው ወደ ሒሳብ ሹማቸው ደወሉ። እሷም ሹሙ መዋጮው የገባበትን የባንክ ደረሰኝ ይዞ እስኪመጣ ድረስ ቁልፉን ከጋዋኗ ኪስ ላታወጣ ወሰነች፤ ሰውየው እንዳይበርዳቸው ግን አንድ ፎጣ ጨመረችላቸው።