ሳትፈተን ያለፈችው ሯጭ

እኛ ከተማ ውስጥ አንድ አባባል አለ። ሰው የሚተርተው ግራ ቀኙን አይቶ፣ በአቅራቢያው የትምህርት ቤት ሹም አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ነው። አባባሉስ አዲስ አይደለም፤ አያት ቅድመ አያቶቻችንም ይሉት ነበር። በከተማችን በጨፌ በር ጥርስ ያበቀለው ግን የዝና የምትባለው የግንበኛው የመኩሪያው ልጅ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ደጅ ከተመለሰች ወዲህ ነው።

የዝና ሯጭ ነበረች። ሯጭ ሲባል እንዲያው እግሯ የቀለለ የሰፈር ልጅ ማለት አይደለም፤ በክልሉ የትምህርት ቤቶች ውድድር ሦስት ሺህ ሜትር ስትሮጥ የመጨረሻውን ዙር ብቻዋን ነው የጨረሰችው። የቀሩት ልጆች እሷን እየተከተሉ ይሁን ሌላ ውድድር ላይ ይሁኑ ተመልካቹ ግራ ገብቶት ነበር። በትምህርቷም የምትታማ አልነበረችም። አንደኛ አትወጣም እንጂ ሰባ አምስትና ሰማንያ አታጣም፤ ይህንንም የምታገኘው ከልምምድ መልስ፣ የዛለ እግሯን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክራ እያጠናች ነው።

ከሩጫው ሌላ አንድ የቆረጠችለት ነገር ነበራት። አብራት የምትሮጥ ሙሉነሽ የምትባል ጓደኛዋ ልምምድ ላይ የተረከዟ ጅማት ተበጠሰ። ወጌሻ አሸው፣ ጎረቤት በቅጠል አሰረው፣ ጤና ጣቢያው የራስ ምታት ክኒን ሰጣት፤ ልጅቷ አንካሳ ሆና ቀረች። የዝና ያን ጊዜ፣ “ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ እዚህ አገር ይጥፋ?” ብላ በንዴት አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ የምታወራው ስለ ፊዚዮቴራፒ ብቻ ሆነ፤ የተጎዳ አካል በእንቅስቃሴ የሚታከምበትን ሙያ ልትማር ማለት ነው። ያን ትምህርት ከጠንካራ የሩጫ ቡድን ጋር የያዘው ደግሞ በዋናው ከተማ ያለው፣ ተማሪዎቹን በራሱ ፈተና ለቅሞ የሚያስገባው ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ነበር።

የዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ፣ ኮች ዮናታን የሚሉት፣ በክልሉ ውድድር ላይ አይቷት ኖሮ ላብዋ ሳይደርቅ ጠጋ አለና፣ “አገር አቀፉን ውድድር አሸንፊልኝ እንጂ ቦታሽ የተያዘ ነው በይው” አላት። እሷም እንደተያዘ ቆጠረችው።

የዝና የምትማርበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር አቶ ሳህለማርያም ዋንጫ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ቢሯቸው የገባ ሰው ከወንበር በፊት የሚያየው ዋንጫ ነው፤ አገር አቀፉ ግን አልነበራቸውም። ኮች ዮናታን ያለውን በሰሙ ማግሥት ልጅቷንም አባቷንም አስጠሩ።

“አቶ መኩሪያው፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ልጅዎ የእርስዎ ብቻ መሆኗ ቀርቷል፤ የከተማው ሆናለች” አሉ። “ከነገ ጀምራ ካምፕ ትገባለች። ጠዋት ሩጫ፣ ማታ ሩጫ። ክፍል መግባት የለም።”

“ፈተናውስ?” አለች የዝና።

“የምን ፈተና? አንቺ ለትምህርት ቤቱ እየሮጥሽ ትምህርት ቤቱ አንቺን ሊጥልሽ ነው? ውጤትሽን ለእኔ ተይው። ማለፊያ ብቻ አይደለም፤ ለዚያ ዩኒቨርሲቲ የሚመጥን፣ ያዩት ሁሉ አፋቸውን የሚይዙበት ውጤት ነው የማሰጥሽ።”

መኩሪያው ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ፣ “ኋላ ነገር አያመጣብንም ጌታዬ?” አለ።

“አገር ሁሉ የሚያደርገው ነው። ጊዜ የለንም አቶ መኩሪያው፤ ውድድሩ ደጃችን ደርሷል። ነው ወይስ ሌላ ልጅ ልፈልግ?”

መኩሪያው ልጁን ሊያይ ዞር ሲል የዝና “እሺ” ብላ ጨርሳለች።

እውነት ለመናገር ሳይከብዳት አልቀረም፤ ግን ደክሟት ነበር። የመሮጫው መምና ደብተር እየተፈራረቁ ዓመታት ጎትተዋታል። አሁን አንዱ ገመድ ሲላላ የተፈታች መስሏት እፎይ አለች።

አንድ ሰው ብቻ እምቢ አለ፤ የባዮሎጂ መምህሯ ፋንታነሽ። ካምፑ ድረስ መጥተው ልብሷን ስታጥብ አገኟት።

“የማትፈተኚውን ፈተና ውጤት ጻፊ ተብያለሁ፤ አልጽፍም” አሏት። “ማታ ማታ ቤቴ ነይ፤ አስጠናሻለሁ። ዘግይተሽም ቢሆን እፈትንሻለሁ። ሰባም ብታመጪ የራስሽ ሰባ ነው።”

“ቲቸር፣ ጊዜ የለኝም” አለች የዝና ቀና እንኳ ሳትል።

“እንዴት ጊዜ የለኝም? የዕድሜ ልክ ጉዳይሽ ነው እኮ!”

“የእርስዎን ፈተና አልፎ ታዋቂ የሆነ ሯጭ ያውቃሉ?”

መምህርቷ የተጠቀለለ ማስታወሻቸውን ድንጋይ ላይ አስቀምጠውላት ሄዱ። ነፋስ እስኪወስደው ድረስ አልነካችውም። የባዮሎጂውን ውጤት በኋላ ርዕሰ መምህሩ ከመምህርቷ በላይ ሆነው ራሳቸው ሞሉት። ዘጠና ስድስት!

አገር አቀፉን አሸነፈች። ዋንጫው በክፍት መኪና ከተማውን ዞረ። የዩኒቨርሲቲው ጥሪም መጣ፤ የጽሑፉን ፈተና ተቀምጣ ለጥቂት አለፈች። ያለ ትምህርት የከረመች ልጅ ናት፤ ያለፈችው በድሮው ዕውቀቷ ነው። የቀረው ቃለ መጠይቅ ብቻ ነበር።

ከጠረጴዛው ማዶ ከተቀመጡት መካከል ዋናዋ ዶክተር ምንትዋብ የሚባሉ፣ ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ ሴት ናቸው። ስለ ሩጫዋ ጠየቁ፤ ሳቁ፤ ስለ ሙሉነሽ ስትነግራቸው ብዕራቸውን አስቀምጠው ሰሟት። የዝና በልቧ “ገባሁ” አለች።

“ባዮሎጂሽ በጣም ደስ ይላል፤ ዘጠና ስድስት” አሉ ዶክተሯ። “እስቲ ቀላሉን ልጠይቅሽ። የመጨረሻውን ዙር አፍጥነሽ ስትሮጪ እግርሽ የሚዝለው ለምንድን ነው? ጡንቻው ውስጥ ምን ይሆናል?”

ያን ዝለት የዝና ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ከጭኗ ተነስቶ ሆዷ እስኪደርስ ታውቀዋለች። ስሙን ግን አታውቅም፤ ምክንያቱንም አታውቅም። ትምህርቱ ሲሰጥ እሷ ካምፕ ነበረች። ዶክተሯ ሌላ ጠየቁ፤ ከዚያም ቀለል ያለ። የዝና አንገቷን ደፋች።

“የእኔ ልጅ፣ ይህን ፈተና ተፈትነሻል?”

ልትዋሽ ትችል ነበር። “አልተፈተንኩም” አለች።

ዶክተር ምንትዋብ መነጽራቸውን አወለቁ። “ለስፖርተኞች ዝቅ ያለ መግቢያ አለን” አሉ ቀስ ብለው። “ዛሬ ጠዋት ሰባ አንድ ያላት መዶሻ ወርዋሪ ተቀብለናል፤ እናግዛታለን፣ ትደርሳለች። አንቺም በድሮው ውጤትሽ ብትመጪ ኖሮ እቀበልሽ ነበር። አሁን ግን የትኛው ያንቺ፣ የትኛው የተሰጠሽ እንደሆነ በምን ልለየው? ሜዳሊያ በር ያስንኳኳል እንጂ በር አይከፍትም።”

የዝና ብድግ አለች። “እውነቱን ስለነገርኳችሁ ነው የምትጥሉኝ? ብዋሽ ኖሮስ?”

“አትናደጂ…”

“እናደዳለሁ እንጂ! ውጤቱን የጻፉት ሰውዬ እዚያው ወንበራቸው ላይ ናቸው። እሳቸውን ማን ጠየቃቸው? ልትጠይቋቸውስ ነው?”

ዶክተሯ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና ፋይሏን ዘጉ። ውጭ ኮች ዮናታን ይጠብቃት ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ገባው።

“ኮች፣ ቦታሽ ተይዟል ብለኸኝ ነበር።”

“እኔ ሯጭ እጠይቃለሁ የዝና፤ የሚያስገቡት እነሱ ናቸው። መስሎኝ ነው…” አለና ጫማውን አየ። በአውቶቡስ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ጥርሷን ነክሳ ነበር። እንባ የሚባል አልመጣላትም።

ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ድንኳን ተተክሎ ጠበቃት። አቶ ሳህለማርያም ውጤቱን መጠበቅ ትርፍ ጣጣ መስሏቸው የሽኝት ምሳ ደግሰዋል። የዞን ባለሥልጣናት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ዋንጫው ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የሌሎቹ ሯጮች ወላጆችም አሉ። የዝና ወደ ርዕሰ መምህሩ ተጠግታ አለመግባቷን በጆሯቸው ነገረቻቸው። ሰውየው ፈገግታቸውን ሳያጥፉ፣ በሹክሹክታ፣ “ለከርሞ እናስተካክለዋለን። ለዛሬ ፈገግ በይ፤ እንግዳ አለብን” አሏት። ከዚያም ማይክራፎኑን ያዙና፣ “ጀግናችን አንድ ሁለት ቃል ትላለች!” ብለው አወጁ። ሰው አጨበጨበ።

የዝና ማይክራፎኑን ተቀበለች። “ጋሼ፣ ባዮሎጂ ስንት ነው ያገኘሁት?”

“ዘጠና ስድስት ነዋ! ሯጭም ጎበዝም!” ብለው ሳቁ።

“መቼ ተፈተንኩ?”

ሳቁ ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

“መቼ ተፈተንኩ ብዬሃለሁ!” አለች።

ያቺ ጨዋ ልጅ፣ አባቷ አጠገብ፣ ርዕሰ መምህሩን “አንተ” አለች! መኩሪያው ሊያስቆማት ተነሳና ፊቷን ሲያይ ተመልሶ ተቀመጠ።

“ሰባ አምስት ነበረኝ፤ የራሴ ነበር። ሰባ አንድ ያላት ገባች፤ እኔ ባንተ ዘጠና ስድስት ከደጅ ተመለስኩ። ዋንጫው አንተ ቢሮ ይቀመጣል፤ ውሸቱ ግን የሄድኩበት ሁሉ ከእኔ ጋር ይሄዳል! ደግሞ ፈገግ በይ ትለኛለህ?”

“ማይኩን አጥፉት!” አሉ አቶ ሳህለማርያም። ማይኩ ጠፋ፤ የዝና ግን ድምፅ አላጣችም። በዚያ መሃል አንዲት እናት ከኋላ ተነስታ፣ “የእኔስ ልጅ? እሱም ካምፕ ነበር!” ብላ ጮኸች። ሌላው አባት ተነሳ፤ ሌላዋ ተከተለች። የዞኑ ባለሥልጣናት መኪናቸውን አስነሱ። ምሳውን የበላው የለም።

የዝና ከዚያ የሄደችው ወደ መምህርት ፋንታነሽ ቤት ነው። መምህርቷ በሩን ከፍተው ፊቷን አዩ።

“ተናደሻል?”

“አዎ።”

“በማን?”

“በሁሉም። በእሱ፣ በዚያች ዶክተር፣ በኮች… በእርስዎም።”

“በእኔ ደግሞ ምን አድርጌ?”

“ለምን ጎትተው አላስቀሩኝም?”

መምህርቷም፣ “ሞከርኩ እኮ። አንቺ ሯጭ ነሽ፤ አልደረስኩብሽም” አሉ። “በራስሽስ አልተናደድሽም?” የዝና ወጥታ ሄደች። በማግሥቱ ግን ደብተር ይዛ መጣች፤ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀመሩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወላጆች በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣው ሰው አቶ ሳህለማርያም ከኃላፊነት መነሳታቸውን፣ የሯጮቹም የተፈበረከ ውጤት መሰረዙን፣ መማር የፈለገ ዓመቱን መድገም እንደሚችል አስታወቀ። የዝና ስሟን አስመዝግባ ከአባቷ ጎን ተቀምጣለች። ንዴቷ አልበረደም፤ አንድ ዓመት ከእግሯ ላይ ተቆርጧል።

አቶ ሳህለማርያም ለመናገር ተነሱ። “ወላጆች፣ እኔ ለራሴ ብዬ አይደለም። ውድድሩ ደረሰብን፤ ጊዜ አጠረን፤ ልጆቹ እንዳይጎዱ ብለን በጥድፊያ ያደረግነው ነው” አሉ። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። እሳቸውም የከተማው ዕድር ዳኛ ወደ ሆኑት ሽማግሌ ወደ አያ ድንበሩ ዞረው፣ “አባቴ፣ እርስዎ እንኳ ይፍረዱኝ!” አሉ።

አያ ድንበሩ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። የተሰጣቸውን ማይክራፎን በእጃቸው ገፋ አደረጉና፣ “ጊዜ አጠረን አልክ ሳህለማርያም” አሉ። “ልጅቷም ለመምህሯ ጊዜ የለኝም ብላ ነበር አሉ። የቸኮላችሁት ሁለታችሁ ናችሁ፤ ግን እሷ ልጅ ናት፣ አንተ አዋቂ ነህ። ሕዝብ ፊት የተዋረደችው እሷ፣ ዓመቷ የባከነው የእሷ! ይሄ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ።” ዞር ብለው የዝናን አዩአት፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ከዚያ ወደ ሕዝቡ መለስ አሉና፣ ከኋላ የቆሙት ሁሉ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ “እንግዲህ ከእናንተ ለሚቀጥሉት ልጆች ንገሩልኝ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!” አሉ።