የአቶ ደርበው አንደበትና አንዱ ፈቃድ

በአንድ ወቅት በወር ዘጠኝ ሺህ ብር የሚያስገኝ አንድ ፈቃድ ሦስት ሰዎችን አፋጠጠ። መንግሥት «ያለ ፈቃድ በሙዚቃ ማከም ክልክል ነው» ብሎ ደንግጎ፣ ለአንዲት ከተማ አንድ ፈቃድ ብቻ ላከ።

ፈቃድ ሰጪዋ ወይዘሮ እቴናት ፈተና አወጡ። ጤፍ ነጋዴው አቶ ደርበው ስትሮክ መትቷቸው አንደበታቸው ከተያዘ ከርሟል። እሑድ ደግሞ ሽማግሌዎች ሴት ልጃቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ ልጅቷም «አባዬ በገዛ አፉ ካልሰጠኝ አላገባም» ብላለች።

«እንግዲህ አንደበታቸውን የፈታ ፈቃዱን ይወስዳል» አሉ እቴናት።

የመጀመሪያዋ ተፈታኝ ምንትዋብ ናት፤ ሙያውን ውጭ አገር ተምራ የመጣች። ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠው ከተዉአቸው ሰው አጠገብ ተቀምጣ የድሮ ዜማ አንጎራጎረችላቸው። ቀስ ብለው አብረዋት አንጎራጎሩ።

«መናገሪያው ቢዘጋም መዝፈኛው ክፍት ነው!» አለች። ቃል ግን አልወጣቸውም።

ይህን የሰማው አዝማሪው ጥጋቡ ማሲንቆውን ይዞ ገባ። ማባበሉን ትቶ ነካካቸው፦

«የጎረቤትህ ጤፍ ነጭ ነው እንደ ወተት፣
ያንተማ ተነፍቶም አሸዋ አለበት።»

የአቶ ደርበው ፊት ቀላ። በየግብዣው ለአዝማሪ ግጥም ሲሰጡ የኖሩ ሰው ናቸውና ከዘራቸውን አንሥተው «ተቀበል!» አሉ፦

«አሸዋ የለውም እህሌና ልቤ፣
ጥርስህን የጎዳው የበላኸው ዱቤ።»

ጥጋቡ እየሳቀ ተቀበለ፤ ቤተሰቡ እንባ በእንባ ሆነ። ማሲንቆው ሲያቆም ግን ቃላቸውም አብሮ ቆመ።

«ታዲያ ሽማግሌ ፊት ሊዘፍኑ ነው?» አለች ሦስተኛዋ ተፈታኝ፣ የሰርግ ከበሮ መቺዋ ዘርፌ። ከበሮዋን ጭናቸው ላይ አድርጋ፣ ቃሉን በዜማ እያስባለች፣ በየቃሉ አንድ ጊዜ እያስመታች አለማመደቻቸው። ዜማውን በየቀኑ እየቀነሰች ሄደች፤ በመጨረሻ ምቱ ብቻ ቀረ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ቆመው ጠየቁ። አቶ ደርበው ጉልበታቸውን መታ፣ መታ አደረጉና «ልጄን… ሰጥቻለሁ» አሉ። እልልታው ቀለጠ።

ወዲያው ጭቅጭቁ ተነሣ።

«በሩን ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለች ምንትዋብ።

«እቱ፣ በር ቃል አያወጣም፤ ቃሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ ጥጋቡ።

«ያንተን ስድብ ሽማግሌ ፊት ቢደግሙት ኖሮ ልጅቷ ቆማ ትቀር ነበር» አለች ዘርፌ።

እቴናት ማኅተሙን እንደያዙ ቀሩ።

ሂሳቡ ይኸው፦ አንድ አንደበት ተመለሰ፤ አንዲት ልጅ ታጨች። ከሦስቱ ግን ሁለቱ ከነገ ጀምሮ በሽተኛ ፊት ቢያንጎራጉሩ እንኳ ይቀጣሉ። እናንተ ብትሆኑ ፈቃዱን ለማን ትሰጣላችሁ? የሁለቱንስ ኪሳራ ማን ይሸከመዋል?