የሸንጎው ግድግዳና የኤሊ ጭቃ

የኤሊ ልጅ ሞቶ አርባው ገና አልወጣም ነበር።

ጆሮ ያላችሁ ቀረብ በሉ። በዚያን ዘመን እንስሳት ሁሉ የሚዳኙበት አንድ አሮጌ አዳራሽ ነበር። ክብ ነው፤ ምሰሶው ጥድ፣ ግድግዳው በጭቃና በጭድ የተመረገ። በየዓመቱ የሚመርጉት ኤሊና ልጁ ነበሩ። ዘንድሮ የመረገው የለም።

«ኧረ ወገቤን!» አለ ግድግዳው። «ክረምቱ ሳይገባ ካልያዛችሁኝ መውደቄ ነው።»

ዳኛው አንበሳ «በአሥር ቀን ካልተጠገነ ይፍረስ፤ ዛፍ ሥር እንዳኛለን» ብሎ ፈረደ።

ኤሊ ደነገጠ። በዚያ ግድግዳ ላይ የልጁ እግር ያልረገጠው ጭቃ አልነበረም።

«ጭቃው ሰባት ቀን ይቡካ፣ ይሽተት፤ ከዚያ እመርገዋለሁ» አለ።

«ሰባት ቀን!» ብላ ሳቀች እመት ጦጢት። «አንተማ የጭቃው ጉድጓድ እስክትደርስ ክረምቱ ይወጣል!»

ጧት አቡክታ ጧት መረገች። በቀትር ተሰነጠቀ። ችሎት መሃል ዷ! ብሎ የአንበሳ ጎፈር ላይ ወደቀ።

«ማነው እኔን የመረገኝ?» አለ አንበሳ።

«ያምርብዎታል ጌታዬ» አለች፣ ዛፍ ላይ ሆና።

ቀጥሎ አያ ጅቦ መጣ። «ጭቃ ምን ያደርጋል? በጀርባዬ እደግፈዋለሁ» አለ። ደገፈ። ፍየል ልትከስ መጣች።

«አያ ጅቦ፣ እባክህ እንዳትሄድ!» አለ ግድግዳው።

«መጣሁ፤ ሰላም ብያት ልመለስ።»

ፍየል ክሷን ትታ ፈረጠጠች፤ ጅብ ተከተላት፤ ግድግዳው ዘመመ።

ኤሊ ይህ ሁሉ ሲሆን ከጉድጓዱ አልወጣም። ይረግጣል፤ ጭድ ይጨምራል፤ ይረግጣል።

«በቃኝ፣ ደከመኝ» አለ ጭቃው።

«ገና ነህ። አልሸተትክም።»

«ያ ሌላው ረጋጭ የት ሄደ? እሱ እየዘለለ ነበር የሚረግጠኝ።»

ኤሊ ጭድ ጨመረ። ረገጠ።

በሰባተኛው ቀን ሸተተ። ጦጢት አፍንጫዋን ይዛ ሦስት ዛፍ ራቀች። በስምንተኛው ኤሊ የዘመመውን አቅንቶ መረገ። በዘጠነኛው ፀሐይ አደረቀው። በአሥረኛው አንበሳ መጣና ግድግዳውን በመዳፉ ደለቀው።

«ቀስ ጌታዬ፣ ያማል!» አለ ግድግዳው። ቅንጣት አልረገፈም።

አንበሳ ሁለቴ አነጠሰ። «ይሸታል፤ ግን ቆሟል። አይፍረስ!»

እንስሳቱም እየሳቁ «የቸኮለ ጭቃ ዳኛ ይመርጋል፤ የታገሠ ጭቃ ቤት ያቆማል» እያሉ ተበተኑ። እስከ ዛሬ ይባላል።

ኤሊ ግን አልሰማቸውም። እግሩን ታጠበ፤ ራሱን ቅርፊቱ ውስጥ ከተተ፤ አለቀሰ።