የአህያ ማሰሪያ ቀረጥ

አንድ የገበያ ሹም ነበረ። መኪና ለቆመበት እናስከፍል ወይስ ለሄደበት ብለህ ጠይቀኸኝ የለ? እንግዲያው ሳታቋርጠኝ ስማ።

የሹሙ ከተማ ገበያዋ ከወንዝ ማዶ ነበር፤ መሻገሪያውም አንድ ጠባብ ድልድይ ብቻ። በገበያ ቀን ድልድዩ በአህያና በበቅሎ ይታነቃል። ሰው ሲያማርር ሹሙ በገበያው ማሰሪያ ግንዶች ላይ ቀረጥ ጣለ፤ ማሰር ካስከፈለ ሰው አህያውን ቤቱ ትቶ ይመጣል ብሎ ነው። እውነትም ድሆቹ ሸክማቸውን በጀርባቸው አዝለው መጡ፤ ድልድዩም ለጥቂት ጊዜ ቀለል አለ።

ምን ዋጋ አለው! ነጋዴው አህያውን ለሎሌው ይሰጥና ሸጬ እስክጨርስ እየነዳህ ቆየኝ ይለዋል። ገበያው ውስጥ መዞሪያ ስለሌለ ሎሌው ድልድዩ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲመላለስ ይውላል፤ ያልታሰረ አይከፍልማ። ባለጠጋው ገበያው ዳር ባለው በራሱ ግቢ ያስራል። አገር አቋራጩ የጨው ነጋዴም መንገዱ ተከፈተ ሲባል ሰምቶ በቅሎዎቹን በዚያው ነዳ። እሱ አልፎ ሂያጅ ነው፤ ምኑን ያስራል?

ሽማግሌዎች ቀረጡ ድልድዩ ላይ ይሁን አሉት። ሹሙ እውነታቸውን እንደሆነ አላጣውም። ግን ባለጠጎቹ እንዳይቀየሙት ፈርቶ ነገሩን አሳደረው።

በአንድ የገበያ ቀን የሹሙን ልጅ ምጥ ጠናባት። አዋላጇ ያለችው ከወንዙ ማዶ ነው። ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ አነሳት፤ ሹሙ ከፊት ከፊት እየሮጠ ድልድዩ መሀል ሲደርሱ መንገዱ ጥርቅም አለ። ለቃሬዛ መንገድ መልቀቅ የአገሩ ወግ ነው፤ ሰውም ሊለቅ ፈልጎ ነበር። ሹሙ ከፊቱ የቆመውን ሎሌ አንገቱን ይዞ ልጄ ናት፣ ዞር በል አለው።

«ወዴት ልዙር ጌታዬ?» አለ ሎሌው። «ላስር ብል ቀረጥ አለብኝ።»

ልጅቱ እዚያው ድልድዩ ላይ ሞተች፤ በሆዷ ያለውም አብሯት ሄደ። ለቅሶው ሳያበቃ ሹሙ ቀረጡን ወደ ድልድዩ አዛወረው፤ ባለጠጋውም አልፎ ሂያጁም ከፈለ። ድልድዩ ተከፈተ። ለእሱ ግን ምን ይሆነዋል?

አንተም የከተማውን መንገድ ይዘሃል፣ ልጄ። ለቆመ መኪና ብቻ ብታስከፍል ግቢና ሾፌር ያለው፣ አልፎ ሂያጁም ጭምር መንገዱን ይሞሉታል፤ አምቡላንሱ መሀላቸው ቆሞ ይጮኻል። ለሄደበት አስከፍል። ይህን ሳልነግርህም ታውቀው ነበር፤ እኔ ዘንድ ያመጣህ ፍርሃት ነው። ሹሙም ያውቅ ነበር።